ሲሜንሲስ፦ የሰሜን ተራሮች ስም በሳይንስ ስያሜ ውስጥ

የእያንዳንዱ እንስሳና ተክል ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃላት አሉት። የመጀመሪያው የወገኑ ስም ነው፤ ሁለተኛው ከወገኑ መካከል የትኛው እንደሆነ ይለያል። ሥርዓቱን ያጸናው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው፤ የዕፅዋት ስያሜም እ.ኤ.አ. በ1753 ካሳተመው መጽሐፍ ይቈጠራል። ስሞቹ ሰዋስዋቸው ላቲን ቢሆንም በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሳይለወጡ ይገባሉ። አንድ ዓይነት መጨረሻ ወይም መነሻ ያላቸው ስሞች ብዙ ጊዜ የትርጉም ዘመዳሞች ናቸው፤ ጥቂቶቹን ፊደላት የለየ አንባቢ ስለ ፍጥረቱ መኖሪያ፣ መልክ ወይም ሰብሳቢ አንድ ነገር ያውቃል።

ከነዚህ ቤተሰቦች አንዱ የተወለደው ከደባርቅ በላይ ባሉት ተራሮች ነው። «ኤንሲስ» የሚለው የላቲን መጨረሻ የቦታ ስም ላይ ሲቀጠል «የዚያ አገር» ማለት ይሆናል፤ ስለዚህ «ሲሜንሲስ» የሰሜን ተራሮች ተወላጅ ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ ካኒስ ሲሜንሲስ ይባላል፤ ካኒስ ውሻ ነው። ሳማ ደግሞ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ነው። ኡርቲካ «ማቃጠል» ከሚለው የላቲን ግሥ የወጣ በመሆኑ ቅጠሉን በባዶ እጅ የነካ ሰው ትርጉሙን አይረሳውም፤ ያም ሆኖ ደገኛው ቀቅሎ ወጥ ይሠራበታል። የአዞ ሐረግ ክሌማቲስ ሲሜንሲስ ተብሏል። ፌስቱካ ሲሜንሲስ የሚባል የደጋ ሣርም አለ። ዛሬ የተራሮቹን ስም በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች አንዳንዴ ሌላ አጻጻፍ ይከተላሉ፤ የሳይንሱ ስም ግን መጀመሪያ እንደታተመ ይጸናል እንጂ ከአዲስ አጻጻፍ ጋር አይታረምም።

ይኸው መጨረሻ በአፋር ምድርም ታዋቂ ዘመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ቅሪተ አካሏ የተገኘው ድንቅነሽ (ሉሲ) ዝርያዋ አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ ይባላል፤ «የአፋር» ማለት ነው። የፊተኛው ቃል ደግሞ በሌላ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ይመልሳል። «ፒቴከስ» በግሪክ ጦጣ ወይም ዝንጀሮ ሲሆን «አውስትራሎ» የደቡብ ማለት ነው። ጭላዳም ቴሮፒቴከስ ጌላዳ ነው፤ «ቴሮ» አውሬ ስለሆነ ጥምሩ «አውሬ ዝንጀሮ» ይሆናል። ለሣር በል እንስሳ ይህ ስም ትንሽ የከበደ ይመስላል፤ ስም አውጪዎቹን ያስደነገጣቸው የወንዱ ጋማና ጥርስ ሳይሆን አይቀርም።

«ጌላዳ» ግን ላቲንም ግሪክም አይደለም፤ ጭላዳ የሚለው የአገሬው ስም ነው፣ «ጭ» በአውሮፓ ፊደል ማደሪያ አጥቶ እንጂ። ስሙን ያሳተመው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሰሜንን አቋርጦ ወደ ጎንደር የዘለቀ ሲሆን፣ ከ1835 እስከ 1840 ባሳተመው መጽሐፍ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮንና ዋልያን ለሳይንስ አስተዋወቀ። ዋልያም እንደ ጭላዳ ስሙን አላጣም፦ ካፕራ ዋሊ ይባላል፤ ካፕራ ፍየል ነው። ጤፍም ኤራግሮስቲስ ጤፍ ሆኖ ዓለምን ዞሯል። አገሬው ራሱ ካወጣው ስም የተሻለ መታወቂያ ማግኘት ያስቸግራል።

ሌላው ቤተሰብ «አቢሲኒካ» ነው። የድሮው የአውሮፓውያን አጠራር ሐበሻን ይዞ ቀርቷል፦ ኮሶ ሀጌኒያ አቢሲኒካ፣ ቀጋ ሮዛ አቢሲኒካ፣ ኑግ ጊዞቲያ አቢሲኒካ። ቃሉ ከወገኑ ስም ጋር በፆታ ስለሚስማማ፣ ወንዴ ስም ያለው እርኩም ቡኮርቩስ አቢሲኒከስ ይባላል። በዚሁ ስም ውስጥ ያለው «ኮርቩስ» ቁራ ነው። ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር የሚታየው ማጅራቱ ነጭ የሆነ ቁራም ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ ተብሏል፤ «ክራሲ» ወፍራም፣ «ሮስትሪስ» ከመንቁር የመጣ ስለሆነ ወፍራም መንቁር ያለው ቁራ ማለት ነው። እዚህ ላይ ስሙ መልኩን በትክክል ይናገራል።

የሰው ስም የያዙ ስያሜዎች ብዙ ጊዜ በአጭር «ኢ» ያልቃሉ። ጦስኝ ቲሙስ ሺምፔሪ ነው፤ ጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ይታሰብበታል። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ደጃዝማች ውቤ ሰሜንንና ትግራይን ሲገዙ ከተራሮቹ ያመጣቸው ናሙናዎች በአውሮፓ ሊቃውንት እጅ ተሰይመዋል። በኋላ ከመቅደላ እስረኞች አንዱ ሆኖ በ1868 ተፈታ፤ በ1878 አድዋ ሞተ። የወገን ስምም ሰው ሊያስታውስ ይችላል፦ ጅባራ ሎቤሊያ መባሉ ለፍላንደርሱ ሐኪምና ዕፅዋት አዋቂ ማቲያስ ደ ሎቤል ሲሆን፣ ኮሶ ደግሞ ሀጌኒያ የተባለው ለጀርመናዊው ፋርማሲስት ለካርል ጎትፍሪድ ሀገን መታሰቢያ ነው። ሁለቱም ግን ከተክሎቹ አገር ጋር አይተዋወቁም።

እንዲህ ያሉ ስሞች ሲነበቡ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የቦታ ስም የሚነግረው ናሙናው መጀመሪያ ከየት እንደመጣ፣ ወይም ሰያሚው ከየት እንደመጣ እንዳሰበ እንጂ፣ ፍጥረቱ የት እንደሚበዛ አይደለም። ዋልያ በእርግጥ ከሰሜን ተራሮች ውጭ በዱር አይገኝም፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ የሆነው ብሔራዊ ፓርክም በዋነኛነት የታሰበው ለእሱ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን ስሙ ሰሜን ቢልም ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው ባሌ ነው። «ኤቲዮፒካ» ከሁሉም ይልቅ ያሳስታል። የጥንት ጸሐፊዎች ከግብፅ በታች ያለውን ሰፊ ምድር ኢትዮጵያ ይሉ ስለነበር፣ ዛንቴዴሺያ ኤቲዮፒካ የሚባለው ነጭ አበባ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነው። በተቃራኒው፣ ሊኔየስ የሰየመው የኢትዮጵያ ቡና ኮፊያ አረቢካ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በስያሜው ሕግ መሠረት ቀድሞ በደንቡ የታተመ ስም የአገር ስህተት አለበት ተብሎ ስለማይሻር፣ ቡና ዛሬም በሳይንሱ መዝገብ ዐረባዊ ነው።