እያተሙ የሚቆርጡ ማተሚያዎች ካሊብሬሽን፦ አንድ ልኬት ለምን አይበቃም?

በሕክምናም ሆነ በምርምር ላቦራቶሪዎች የአንድ ናሙና ማንነት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በቱቦው ላይ በተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ነው። ይህችን ወረቀት የሚያዘጋጀው መሣሪያ ከጥቅል ላይ እያተመ ወዲያው ራሱ የሚቆርጥ ማተሚያ ነው። ምላጩ ከታሰበለት ቦታ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢስት ጉድለቱ የመልክ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የባርኮድ አንባቢ የመስመሮቹን መጀመሪያና መጨረሻ የሚለየው በሁለቱም ጫፍ ባለው ባዶ ኅዳግ ነው። ኮድ 128 በሚባለው የባርኮድ ዓይነት ይህ ኅዳግ በእያንዳንዱ ጫፍ ከቀጭኑ መስመር ስፋት ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት፤ ቀጭኑ መስመር 0.25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኅዳጉ 2.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። መስመሮቹ በወረቀቱ ጉዞ አቅጣጫ ተከታትለው ሲታተሙ፣ የተሳሳተ ቁርጥ በቀጥታ የሚነካው ይህንኑ ኅዳግ ነው። አንባቢው ማንበብ ሲሳነው ባለሙያው ቁጥሩን በእጁ ያስገባል፤ በዚህ ጊዜ የአንዱ ናሙና ውጤት በሌላው ስም የሚመዘገብበት ዕድል ይፈጠራል።

ለችግሩ የተለመደው መፍትሔ አንድ ወረቀት አትሞ መለካትና በማተሚያው ማስተካከያ ላይ አንድ ቁጥር መለወጥ ነው። ይህ ጽሑፍ አሠራሩ ለምን እንደማያዛልቅ ያብራራል። ምክንያቱ ባጭሩ፣ በአንድ ቁርጥ ላይ የሚታየው ስሕተት የበርካታ ስሕተቶች ድምር መሆኑ ነው።

ማተሚያው ርቀትን እንዴት ያውቃል?

በሙቀት የሚያትም የመለያ ማተሚያ ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው በጎማ ሮለር ነው። ሮለሩን በጥርስ ማርሽ በኩል የሚያዞረው ስቴፐር ሞተር ነው። መቆጣጠሪያው የወረቀቱን ጉዞ በቀጥታ አይለካም፤ የሞተሩን እርምጃዎች ቆጥሮ እያንዳንዱ እርምጃ የታወቀ ርዝመት ያለው ወረቀት እንዳስኬደ ይገምታል። በአንድ ኢንች 203 ነጥብ የሚያትም መሣሪያ በአንድ ሚሊ ሜትር 8 ነጥብ ስለሚያኖር የአንድ ነጥብ ርቀት 0.125 ሚሊ ሜትር ነው።

ምላጩ የሚገኘው ከኅትመት ራሱ ፊት ለፊት ጥቂት ርቆ ነው። ለምሳሌ ርቀቱ 30 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ኅትመቱ ሲያበቃ ወረቀቱ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይጓዛል፤ ይቆረጣል፤ ከዚያም ቀጣዩ ኅትመት ከወረቀቱ ጫፍ እንዲጀምር ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። ስሕተቶቹ የሚመነጩት ከእነዚህ ሦስት እንቅስቃሴዎች ነው።

ሦስቱ ስሕተቶች

የመጀመሪያው የመጠን ስሕተት ሲሆን ከጉዞው ርዝመት ጋር አብሮ ያድጋል። የሮለሩ ዲያሜትር ሲሠራ 16 ሚሊ ሜትር ከነበረ ዙሪያው 50.27 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው ተበልቶ ዲያሜትሩ በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ ዙሪያው 49.95 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መቆጣጠሪያው ግን ለውጡን ስለማያውቅ፣ የሚያስኬደው ወረቀት ሁሉ ከታዘዘው በ0.6 በመቶ ገደማ ያጥራል።

ሁለተኛው የመመለስ ጉድለት ነው። በማርሾቹ ጥርስ መካከል ባለው ክፍተት ወይም በሮለሩ መንሸራተት ምክንያት ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ላይመለስ ይችላል። የጎደለው ርቀት በቀጣዩ ቁራጭ መጀመሪያ ላይ ትርፍ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። ይህ ስሕተት በአጭርም ሆነ በረጅም ቁራጭ ላይ መጠኑ አንድ ነው።

ሦስተኛው የቦታ ስሕተት ሲሆን የሚፈጠረው በኅትመት ራሱና በምላጩ መካከል ያለው እውነተኛ ርቀት በማተሚያው ከተመዘገበው ሲለይ ነው። ይህ ስሕተት የቁራጩን ርዝመት አይለውጥም፤ የፊቱም የኋላውም ቁርጥ በእኩል መጠን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ፣ ከአንዱ ኅዳግ የቀነሰው በሌላው ላይ ይጨመራል።

ስሕተቶቹን ለመለየት የሚያስችለው ይህ የመጨረሻው ባሕርይ ነው። በሁለት ቁርጦች መካከል ያለው ርዝመት ስለ መጠንና ስለ መመለስ ይናገራል፤ የሁለቱ ኅዳጎች ልዩነት ደግሞ ስለ ቦታ ይናገራል።

ስሕተቶች ሲጣፉ

የሚከተለው ስሌት ለማብራሪያ የቀረበ ነው። አንድ ማተሚያ የመጠን ስሕተቱ 0.6 በመቶ ማጠር፣ የመመለስ ጉድለቱ ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። 50 ሚሊ ሜትር ቢታዘዝ 50.1፣ 100 ቢታዘዝ 99.8፣ 200 ቢታዘዝ 199.2 ሚሊ ሜትር ይቆርጣል። አጭሩ ቁራጭ ረዝሟል፤ ረጅሞቹ አጥረዋል። ታዛቢው የሞከረው ወደ 67 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቁራጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ስሕተቶች ስለሚጣፉ መሣሪያው ፍጹም ትክክል ይመስለው ነበር። በ100 ሚሊ ሜትር ብቻ ለክቶ የ0.2 በመቶ ማስተካከያ ቢያደርግ ደግሞ የ100 ሚሊ ሜትሩ ቁራጭ ይቃናል፤ የ50ው ግን ከቀድሞው የባሰ ይሳሳታል።

ስለዚህ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ርዝመቶች፣ በእያንዳንዱም ብዙ ቁራጮች አትሞ አማካዩን መውሰድ ያስፈልጋል። የተለካውን ርዝመት ከታዘዘው ጋር በግራፍ ስናነጻጽር ቀጥተኛ መስመር እናገኛለን። የመስመሩ ዝንባሌ የመጠን ስሕተቱን፣ ቋሚውን ዘንግ የሚያቋርጥበት ነጥብ ደግሞ የመመለስ ጉድለቱን ይሰጣል።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል

ሮለሩን ካጸዱና ጥቅሉ በነጻነት መዞሩን ካረጋገጡ በኋላ በመጀመሪያ የሚስተካከለው መጠን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወረቀቱ እስከ ምላጩ የሚጓዘው 30 ሚሊ ሜትርም ራሱ በመጠን ስሕተቱ ይዛባል። በ0.6 በመቶ ሲሰላ መዛባቱ 0.18 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ አስቀድሞ ቦታን ያስተካከለ ሰው መጠንን ሲያርም ቦታውን መልሶ ያበላሻል።

ቀጥሎ የመመለስ ጉድለት ይታረማል። ማተሚያው የመመለሻውን ርቀት ለብቻው ለመለወጥ የማይፈቅድ ከሆነ መመለሱን ጨርሶ ማስቀረት ይቻላል፤ ዋጋው በእያንዳንዱ ቁራጭ መጀመሪያ 30 ሚሊ ሜትር ባዶ ወረቀት ማባከን ነው።

በመጨረሻ ቦታ ይስተካከላል። ከፊትም ከኋላም 10 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው የታተሙ ሁለት መስመሮች ያሉት ቁራጭ ይዘጋጃል። የፊቱ ኅዳግ 9.4፣ የኋላው 10.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቢገኝ ልዩነቱ 1.2 ነው፤ የዚህ ግማሽ 0.6 ሚሊ ሜትር የቦታው ስሕተት ነው። የኋላው ኅዳግ የበለጠው ወረቀቱ ከምላጩ አልፎ ስለሚጓዝ በመሆኑ፣ የተመዘገበው ርቀት በ5 ነጥብ ያህል ይቀነሳል። ከግማሽ ነጥብ ያነሰ ቀሪ ስሕተት በማስተካከያ ቁጥር ሊወገድ ስለማይችል እርሱን ማሳደድ ትርፍ ድካም ነው።

ወረቀቱ ክፍተት ያለው ሲሆን

እስካሁን የተባለው ያለ ክፍተት የሚቀጥል ወረቀትን ይመለከታል። ተለጣፊዎቹ አስቀድመው ተቆርጠው በመደገፊያ ወረቀት ላይ ሲደረደሩ ምላጩ መውረድ ያለበት በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው፤ ተለጣፊውን ከቆረጠ ሙጫ ይይዘዋል። ክፍተቱን የሚያገኘው የብርሃን ሴንሰር ነው፤ በመደገፊያው ብቻ የሚያልፈው ብርሃን ተለጣፊው ባለበት ከሚያልፈው ይበልጣል። ሴንሰሩ በየክፍተቱ ቆጠራውን እንደ አዲስ ስለሚያስጀምር የመጠን ስሕተት አይጠራቀምም። የወረቀቱ ዓይነት ተለውጦ የብርሃኑ ወሰን እንደገና ሳይለካ ቢቀር ግን ሴንሰሩ ክፍተቱን ሊስት ይችላል። በ100 ሚሊ ሜትር ርዝመት 0.6 ሚሊ ሜትር የሚያጥር ማተሚያ ከ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት መካከል ቢነሳ፣ በሦስተኛው መለያ ላይ ስሕተቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ደርሶ ምላጩ ከክፍተቱ ይወጣል።

የማይታረመው ክፍል

ሦስቱም ከታረሙ በኋላ ቁራጮቹ ፍጹም እኩል አይሆኑም። የወረቀቱ መንሸራተትና ጥቅሉ እያለቀ ሲሄድ የሚለዋወጠው የመጎተት ኃይል መበታተንን ያስከትላሉ። መበታተን ቁጥር በመለወጥ አይወገድም፤ መቻል ያለበት በመለያው ንድፍ ነው። የቁርጡ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 0.15 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሦስት እጥፉ 0.45 ነው፤ እንግዲህ የባርኮዱን ኅዳግ በ2.5 ሳይሆን ቢያንስ በ3 ሚሊ ሜትር መንደፍ ይገባል። መለኪያውም በአዲስ ጥቅልና ሊያልቅ በተቃረበ ጥቅል ላይ ቢደገም፣ የተገኘው ቁጥር መሣሪያው በዕለት ተዕለት ሥራው የሚያሳየውን ጠባይ ይወክላል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከማተሚያም ያልፋል። አንድ መሣሪያ በአንድ ነጥብ ላይ ትክክለኛ ውጤት መስጠቱ ስሕተት የለበትም ማለት አይደለም፤ ስሕተቶቹ በዚያ ነጥብ ተጣፍተው ሊሆን ይችላል። በናሙናው ላይ ከሚደረገው ምርመራ ጥንቃቄ የሚጠብቅ ተመራማሪ፣ ናሙናው የማን እንደሆነ የምትናገረውን ወረቀትም በዚያው ጥንቃቄ ሊመረምራት ይገባል።