መጀመሪያ ዋጋው፣ ከዚያ ማሽኑ

እዚህ ቻናል ላይ ስለ አሳማ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ነገሩ የእኛኑ ቡና ስለሚነካ ታገሱኝ።

በአሜሪካና በካናዳ አንዳንድ ትልልቅ ማደለቢያዎች አሳማው ወደ መኖው ሲሄድ አንድ በአንድ በሚዛን ላይ ያልፋል። ሚዛኑ ክብደቱን ያነባል፤ በሩ በራሱ ይከፈትና ለገበያ የደረሰውን ወደ አንዱ ክፍል፣ ያልደረሰውን ወደ ሌላው ይመራዋል። ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? ቄራው የሚከፍለው በክብደት እርከን ስለሆነ ነው። ከእርከኑ ያነሰም የበለጠም ዋጋው ይቀነስበታል። ማሽኑን ያመጣው ዋጋው ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዳንግላ እንምጣ። የእኛ መለያ ማሽን ከለር ሶርተር ነው። ፍሬው ሲንሸራተት ካሜራ ያየዋል፤ ጥቁር ወይም የተበላሸ ከሆነ የታመቀ አየር ከመስመር ያስወጣዋል። አዲስ አበባ ላይ ላኪዎች ቡናውንም ቦሎቄውንም ሰሊጡንም ያሳልፉበታል። በቡና የተለመደው ቆጠራ በ300 ግራም ናሙና እስከ 3 እንከን 1ኛ ደረጃ፣ ከ4 እስከ 12 ደግሞ 2ኛ ነው፤ ቅምሻው ሳይረሳ። ጥቂት ጥቁር ፍሬ ደረጃ ያወርዳል።

ታዲያ ገበሬው ከዚህ ምን ያገኛል? አንድ ጊዜ ከዳንግላ ዙሪያ ጀንፈል ሰብስቤ ነበር። አንድ አባት ያመጡት ንጹሕ፣ በአልጋ ላይ የደረቀ ነው። የሌላው መሬት ላይ የተሰጣ። ሁለቱንም በአንድ ዋጋ ገዛን፣ ደባለቅን፣ ጫንን። ተፈልፍሎ ናሙናው ሲታይ እንከን በዛበትና የሙሉው ጭነት ዋጋ ወረደ። በዓመቱ እኚያ አባት የራሳቸውንም መሬት ላይ አስጥተው አገኘኋቸው። ብጠይቃቸው፣ "ልጄ፣ ሚዛናችሁ ኪሎ እንጂ ልፋት አያይም" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የእኔም ኮሚሽን በኪሎ ነው እኮ።

ማሽኑ ያንን ጭነት አያድነውም ነበር። ካሜራ ቀለም ያያል፤ የአፈር ጠረንንና የእርጥበት ሽታን አያሸትም። መሬት ላይ የተበላሸ ጣዕም በከለር ሶርተር አይመለስም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ላይ የተለየው ቡና የሚያመጣው ጭማሪ ለባለ ማሽኑ ነው፤ ገበሬው በድብልቅ ዋጋ ሸጦ ከሄደ ቆይቷል። ምርት ገበያው በደረጃ ያገበያያል፤ የእኛ የመንደር ሚዛን ግን አሁንም አንድ ዋጋ ነው የሚያውቀው።

ለዩኒየኖች የምለው ይህ ነው፦ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ ማሽን ለመትከል የምታስቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ሁለት ዋጋ ለጥፉ። ከመደባለቁ በፊት ከእያንዳንዱ ገበሬ ናሙና ውሰዱ፣ ፈልፍላችሁ እንከኑን በእጅ ቁጠሩ፣ ሽታውን አሽትቱ፣ እርጥበቱን ለኩ። ንጹሑን ለብቻ ከምሩ፣ ጭማሪውን እዚያው ክፈሉ። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ሲመጣ የሚለየው ነገር ያገኛል። መብራት ሲቆራረጥ ኮምፕረሰሩ እንደሚቆምና ድንጋይ መለያ ከፊቱ እንደሚያስፈልገውም በወጪው ውስጥ አስቡት።

ለላኪዎች፦ ለንጹሕ የምትጨምሩትን ከወዲሁ ንገሩን፤ ገበሬው አልጋ የሚሠራው ያንን ሰምቶ ነው።

እኔም ከዚህ መኸር ጀምሮ የንጹሑን ዋጋ ለብቻ እለጥፋለሁ። ዋጋ ልትጠይቁኝ ስትደውሉ ስንት ኩንታል እንዳላችሁ ብቻ አትንገሩኝ፤ ናሙናውን ይዛችሁ ኑ።