ስለ ግዴታ በጎ ፈቃድና ስለ ደቦ ሥርዓት

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ከመመረቁ በፊት ለኅብረተሰቡ የተወሰነ ሰዓት በነጻ እንዲሠራ ያዝዛሉ። ስሙን መኖሪያ ቤቶቹን ከሠራው የኢጣሊያ ሥራ ተቋራጭ በወሰደው በሲኤምሲ ሰፈር ለሚኖር ተማሪ፥ ይህን ሰዓት ለመሙላት የሚቀርበው ሥራ በሰሜን በኩል በሚታየው በየካ ተራራ ሥር ችግኝ መትከል ነው። በዚህ ጽሑፍ ግዴታና በጎ ፈቃድ እንዴት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ እንመረምራለን።

«የግዴታ በጎ ፈቃድ» የሚለው አነጋገር እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ይሁን እንጂ ወደ አገራችን ልማድ ስንመለከት ነገሩን እንግዳ ሆኖ አናገኘውም። በወንፈል ገበሬዎች ተራ በተራ አንዱ ለሌላው ይሠራሉ፤ የተሠራው ቀንም በቀን ይመለሳል። በደቦ ባለ እርሻው ጎረቤቶቹን ጠርቶ እህልና ጠላ ያቀርባል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ሰው ግን ነገ እርሱ ሲጠራ ማን እንደሚመጣለት ያውቀዋል። በዕድርም ከቀብር የቀረ አባል መቀጫ ይከፍላል። እንግዲህ ግዴታ በሦስቱም አለ። ነገር ግን ሥራውን የሚመዝነው ሥራው የተሠራለት ሰው ራሱ ነው።

በከፍተኛ ትምህርትም ግዴታው አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በጀመረው አገልግሎት ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፥ አብዛኞቹም በመምህርነት፥ ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ።

የችግኝ ሥራ ግን ከእነዚህ የሚለይበት ጠባይ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። መትከሉ የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ማጽደቁ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። በአዲስ አበባ ዋናው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ የበልግ ዝናም እስኪመጣ ድረስ ሥሩ ያልጠለቀ ጽድ ወይም ወይራ በድርቅ ይፈተናል። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተተከለ እንደ ሆነ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ይቀራል። አረም ይውጠዋል፤ ፍየልም ይበላዋል።

እኛም በአንድ ክረምት ተክለን፥ ወረቀታችንን አስፈርመን ተበተንን። በየካቲት ተመልሰን ብናይ ብዙው ደርቋል፤ አንዳንዱንም ነቅለን ስናየው ከነፕላስቲኩ ነበር። ሰዓታችን ግን ሙሉ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲህ ጥፋቱ ከግዴታው ሳይሆን ከመለኪያው መሆኑን ተረዳን፤ ችግኙን ጠርቶ የሚጠይቀን ባለ እርሻ አልነበረምና።

በውጭ አገርም ይህ ታስቦበታል። የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ዲፕሎማ ተማሪዎች ቀድሞ 150 ሰዓት ይጠየቁ ነበር፤ ኋላ ግን ሰዓት መቁጠሩ ቀርቶ፥ ቢያንስ ለ18 ወር የማያቋርጥ ተሳትፎ ተተካበት።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ለአንድ የተማሪዎች ቡድን የታወቀ ቦታና ጥቂት ችግኝ ይሰጠው። ከሰዓቱም ጥቂቱ በሐምሌ ለመትከል፥ የሚበዛው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ለማጠጣት፥ ለመኮትኮትና ለማጠር ይዋል። ወረቀቱም የሚፈረመው በሚቀጥለው ሰኔ፥ የጸደቀው ተቆጥሮ፥ የደረቀውም ምክንያቱ ተጽፎ ይሁን። ፈራሚውም ከቦታው አጠገብ የሚኖር ሰው ቢሆን እንመርጣለን፤ ጥላው የሚጠቅመው እርሱን ነውና።