የምርምር ጽሑፍ ስርቆት፦ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር ሕሙማንን እንዴት ሊጎዳ ይችላል?

ኡም ጋርጉርን የመሳሰሉ የስደተኛ መጠለያዎች የሚገኙበት የምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ ግዛት እና በድንበሩ ማዶ ያሉት የመተማና የሁመራ ቆላማ አካባቢዎች አንድ የጋራ ጠላት አላቸው፦ ካላዛር። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

የበሽታው ሕክምና መመሪያ የሚዘጋጀው በምርምር መጽሔቶች ላይ በሚታተሙ ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ ነው። በመሆኑም አንድ አጥኚ የሌሎችን ጽሑፍ ምንጭ ሳይጠቅስ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ፣ ጉዳቱ የባለቤቱን ድካም በመንጠቅ ብቻ አያበቃም።

አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ውጤት

እአአ በ2010 የታተመ የሕንድ ጥናት፣ አምቢዞም የተባለውን መድኃኒት በኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም ሒሳብ አንድ ጊዜ ብቻ ከወሰዱ ሕሙማን መካከል ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከስድስት ወር በኋላ ድነው መገኘታቸውን አሳይቷል።

ይኸው መጠን በገዳሪፍ ግዛት በምትገኘው ካሳብ፣ በጎንደርና በአርባ ምንጭ ሲሞከር ግን የዳኑት 58 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ እአአ በ2014 የታተመው ይህ ሙከራ፣ የመድኃኒቱ ፈዋሽነት ከተጠበቀው በታች በመሆኑ ተቋርጧል።

ሁለቱም ጥናቶች ትክክለኛ ናቸው። ነገር ግን “አንድ ጊዜ የሚሰጥ አምቢዞም ፈዋሽ ነው” የሚል ዐረፍተ ነገር ከሕንዱ ጥናት ተገልብጦ ያለ ምንጭ በሌላ ጽሑፍ ውስጥ ቢገባ፣ የት አገርና በእነማን ላይ እንደተረጋገጠ ማወቅ አይቻልም። ምንጭ መጥቀስ ለባለቤቱ ከሚሰጥ ምስጋና በላይ አንባቢው ወደ ማስረጃው ተመልሶ የሚያጣራበት መንገድ ነው።

ችግሩ ምን ያህል ሰፊ ነው?

እአአ በ2018 በቢኤምጄ ኦፕን መጽሔት የታተመ ጥናት በ100 የአፍሪካ የሕክምና መጽሔቶች የወጡ 495 ጽሑፎችን መርምሯል። በ63 በመቶዎቹ ቢያንስ የተወሰነ የተገለበጠ ጽሑፍ ተገኝቷል፤ በ17 በመቶዎቹ ደግሞ ግልበጣው ከፍተኛ ነበር።

ግልበጣው በብዛት የታየው በመግቢያና በውይይት ክፍሎች ሲሆን፣ በውጤት ክፍል ግን እምብዛም አልነበረም። ስለ ጽሑፍ ስርቆት የተጻፈ ፖሊሲ የነበራቸው መጽሔቶች 26 ብቻ ናቸው።

የቅጂ መብት ጥሰት እና የጽሑፍ ስርቆት አንድ ናቸው?

አይደሉም። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳብ የተገለጸበትን ሥራ እንጂ ሐሳቡን ራሱን አይደለም። በምርምር ሥነ ምግባር ግን የሌላን ሰው ሐሳብ በራስ ቃል ጽፎ ባለቤቱን አለመጥቀስም ስርቆት ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎምም ምንጭ ከመጥቀስ ግዴታ ነጻ አያደርግም።

አስቀድሞ መከላከል

በርካታ መጽሔቶች የቀረበላቸውን ጽሑፍ ለገምጋሚዎች ከመላካቸው በፊት አይቴንቲኬትን በመሰለ የማመሳከሪያ ሶፍትዌር ይፈትሻሉ። ሶፍትዌሩ የሚሰጠው የተመሳሳይነት መቶኛ ግን ፍርድ አይደለም። በአግባቡ የተጠቀሰ ጽሑፍ ወይም የተለመደ የላቦራቶሪ አሠራር መግለጫ መቶኛውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ የተሰረቀ ደግሞ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሪፖርቱን አርታኢው ራሱ መስመር በመስመር ማንበብ ይኖርበታል።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው የሆነ ጀማሪ አጥኚዎች የተዋጣለት ዐረፍተ ነገር ሲያገኙ እንዳለ ለመውሰድ ይፈተናሉ። ለዚህ የሚበጀው ማስታወሻ በሚይዙበት ጊዜ የሌላውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ለይቶ ምንጩን ወዲያውኑ መጻፍ፣ ከዚያም ዋናውን ጽሑፍ ዘግቶ ሐሳቡን በራስ ቃል ማስፈር ነው።

ስርቆት ሲጠረጠርስ?

እአአ በ1997 በብሪታንያ የተመሠረተው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ (ኮፕ) ለአርታኢዎች ደረጃ በደረጃ የሚከተሉት መመሪያ አዘጋጅቷል።

አርታኢው በቅድሚያ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስረጃ ያሰባስባል። ግልበጣው በጥቂት ሐረጎች የተወሰነ ከሆነ ጸሐፊው እንዲያስተካክልና ምንጭ እንዲጠቅስ ይጠየቃል። ሰፊ ከሆነ ግን ማስረጃው ለጸሐፊው ተልኮ ማብራሪያ እንዲሰጥ ዕድል ይሰጠዋል። መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ ያልታተመው ጽሑፍ ውድቅ ይደረጋል፤ የታተመው ይሻራል፤ ጸሐፊው የሚሠራበት ተቋምም ሊያውቀው ይችላል። ጥቆማውን ያቀረበው ሰውም ውጤቱ ይነገረዋል።

ይህ ቅደም ተከተል ሁለት ወገኖችን ይጠብቃል፤ ሥራው የተወሰደበትን አጥኚ እና በስህተት ወይም በቂም የተከሰሰን ጸሐፊ። መጽሔት የማጣራት እንጂ ሰውን የመቅጣት ሥልጣን የለውም፤ የዲሲፕሊን እርምጃ የዩኒቨርሲቲው ወይም የቀጣሪው ተቋም ኃላፊነት ነው።

የተሻረ ጽሑፍ በድብቅ አይጠፋም። መሻሩንና ምክንያቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ታክሎበት ለአንባቢ እንደሚታይ ይቆያል። ጽሑፉን አስቀድመው የጠቀሱ አጥኚዎችና በእርሱ ላይ ተመሥርተው ሕክምና የሚሰጡ ሐኪሞች ሊያውቁ የሚችሉት እንዲህ ሲሆን ብቻ ነውና።