ተጨማሪ መረጃ፦ ሴት ልጆቹ የማያድጉለት ትንኝ

እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ መነሻዋ እስያ የሆነ የወባ ትንኝ ተገኘች። በዚያ ዓመት አገሪቱ የመዘገበችው 27 የወባ ታማሚ ብቻ ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ከ73 ሺህ አለፈ። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ ውሃ የተጠራቀመበት በርሜል ይበቃታል።

ግንቦት 2024 ላይ ግን በከተማዋ አምቡሊ በተባለ ሰፈር ሰዎች ራሳቸው ትንኝ ለቀቁ! አትደንግጡ፤ የተለቀቁት የዚሁ ዝርያ ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ዓላማውም የትንኟን ቁጥር መቀነስ ነው። ወንድ ትንኝ ደም አይመጥም፣ ወባም አያስተላልፍም።

እነዚህ ወንዶች በቤተ ሙከራ የገባላቸው ራሱን የሚገታ ጂን አላቸው። ራሱን የሚገታ ጂን ማለት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተመናመነ የሚጠፋ ጂን ነው። ጂኑን የወረሱ ሴቶች በእጭነታቸው ይሞታሉ፤ ወንዶቹ ግን አድገው ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። (በቤተ ሙከራ ሴቶቹም የሚተርፉት ማርከሻ ስለሚሰጣቸው ነው።) ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) በተፈጥሮ በራሱ ሊከሰት ይችላል፤ ይህ ጂን ግን ሰው ያስገባው ነው። የውርስ ሕጉ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

እስቲ ሞክሩት፦ ጂኑን “ገ”፣ ያልተለወጠውን “ደ” በሉት። የተለቀቀው ወንድ ገገ፣ የከተማዋ ሴት ደደ ናት። በሕይወት የተረፈው ልጃቸው ከሌላ ደደ ሴት ጋር ሲራባ የሚወለዱትን በፑኔት ሰንጠረዥ አሳዩ። በሕይወት ከሚቀሩት ውስጥ ጂኑን የያዙት ስንት እጅ ናቸው?