ደንቡ የት ተጻፈ? የአሠራር ደንቦች በሶፍትዌር ግንባታ ምዕራፎች ውስጥ

ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996) አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት በደቡብ አሜሪካ፣ በፈረንሳይ ጊያና ከሚገኘው የኩሩ ማምጠቂያ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰች። አራት የምርምር ሳተላይቶችን ተሸክማ ነበር። አርባ ሰከንድ ያህል ከበረረች በኋላ ግን ከመሥመሯ ወጥታ ተሰባበረች፤ ፈነዳችም። ለአደጋው መነሻ የሆነው የሞተር ብልሽት ሳይሆን በሶፍትዌሯ ውስጥ የተቀበረ አንድ የቆየ ደንብ ነበር።

የሮኬቷን አቅጣጫና ፍጥነት የሚከታተለው መሣሪያ ሶፍትዌሩን የወረሰው ከቀድሞዋ ከአሪያን 4 ነው። በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ አንድ መጠን ከ64 ቢት ወደ 16 ቢት ቁጥር ይለወጥ ነበር። ምልክት ያለው ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ መጠን 32,767 ነው። በአሪያን 4 የበረራ መሥመር ይህ መጠን ከወሰኑ ስለማያልፍ፣ ባለሙያዎቹ መከላከያ ሳያበጁለት ማለፋቸው በጊዜው በቂ ምክንያት ነበረው። አሪያን 5 ግን ገና በበረራዋ መጀመሪያ ከአሪያን 4 እጅግ የላቀ አግድም ፍጥነት ታገኝ ነበር። መጠኑ ከወሰኑ አለፈ፤ መሣሪያውም ሥራውን አቆመ። ተጠባባቂው መሣሪያ የሚሠራው በዚያው ሶፍትዌር በመሆኑ እርሱም በዚያው ምክንያት ቆመ።

በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ቡድን ካሰፈራቸው ነጥቦች ሁለቱ ለዚህ ጽሑፍ ይጠቅሙናል። አንደኛ፣ የአሪያን 5 የበረራ መሥመር መረጃ በመሣሪያው የመስፈርት ሰነድ ውስጥ አልተካተተም። ሁለተኛ፣ መከላከያው የተተወበት ምክንያት በኮዱ ውስጥ በቀጥታ አልተጠቀሰም። ደንቡ ነበረ፤ ነገር ግን ኮዱን የሚያነብ ሰው ሊያየው አይችልም ነበር።

የፊዚክስ ተማሪ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የፔንዱለምን የውዝዋዜ ጊዜ የምናሰላበት የታወቀው ቀመር የሚሠራው ለትንንሽ ማዕዘኖች ነው። ፔንዱለሙ ከ90 ዲግሪ ቢለቀቅ ትክክለኛው ጊዜ ቀመሩ ከሚሰጠን በ18 በመቶ ያህል ይበልጣል። ቀመሩን አስታውሶ ወሰኑን የረሳ ተማሪ የአሪያን 5ን ስሕተት በትንሹ ደገመው ማለት ነው።

የአሠራር ደንብ ምንድን ነው?

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው በሮኬት ብቻ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ የሚያሰላው ፕሮግራምም በደንቦች የተሞላ ነው። የአሠራር ደንብ የምንለው አንድ ሥራ እንዴት መካሄድ እንዳለበት የሚወስን፣ ኮምፒውተር ባይኖርም የሚኖር ትእዛዝ፣ ስሌት ወይም ክልከላ ነው።

በአገራችን የደመወዝ ግብር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 286 ግብር የማይከፈልበት ወርኀዊ ደመወዝ እስከ 150 ብር ነበር። በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 979 ወሰኑ 600 ብር፣ በ2017 ዓ.ም. በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደግሞ 2,000 ብር ሆነ። የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ አለመሆኑንም ልብ ይሏል። የ2008ቱ ሠንጠረዥ ከግብር ነጻ የሆነውን ጨምሮ ሰባት እርከኖች ሲኖሩት፣ በ2017ቱ የ10 በመቶው እርከን ቀርቶ ስድስት ሆነዋል።

ወርኀዊ ደመወዟ 5,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በፊተኛው ሠንጠረዥ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ትከፍል ነበር፤ በአዲሱ የምትከፍለው 500 ብር ነው። የመሥሪያ ቤቷ ፕሮግራም ሳይታረም ቢቀር በየወሩ 197 ብር ከ50 ሳንቲም ያለ አግባብ ይቆረጥባታል። ፕሮግራሙ ግን አንዳችም የስሕተት መልእክት አያሳይም፤ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟልና።

ደንቡ በየምዕራፉ

ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያልቅ ሥራ ባለመሆኑ ባለሙያዎች ግንባታውን በምዕራፎች ይከፍሉታል። ኢቫር ጃኮብሰን፣ ግሬዲ ቡች እና ጄምስ ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1999 በመጽሐፍ ያቀረቡት የተዋሐደ የግንባታ ሂደት አራት ምዕራፎች አሉት፤ እነርሱም መነሻ፣ ማጎልበት፣ ግንባታና ርክክብ ልንላቸው እንችላለን። ደንቦችን በአግባቡ ለመያዝ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ምን መደረግ አለበት?

በመነሻው ምዕራፍ ደንቦቹ ይለቀማሉ። እያንዳንዱ ደንብ ቁጥር ተሰጥቶት በተራ ቋንቋ ይጻፋል፤ ምንጩ የትኛው አዋጅ ወይም መመሪያ እንደሆነና የመለወጥ ሥልጣን የማን እንደሆነም ይመዘገባል። ቃላትም በዚሁ ይተረጎማሉ፤ «ደመወዝ» ሲባል አበልን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ይህ ጥያቄ እዚህ ካልተመለሰ ኋላ ፕሮግራመሩ በግምት ይመልሰዋል።

በማጎልበት ምዕራፍ ደንቡ የሚቀመጥበት ቦታ ይወሰናል። የግብር እርከን በየጊዜው ስለሚለወጥ ከኮዱ ውጭ በሠንጠረዥ ቢቀመጥ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጸናም ቢጻፍለት ይመረጣል። ያለፈ ወር ሒሳብ እንደገና ሲሠራ በዚያን ጊዜው ደንብ መሠራት አለበትና። በአንጻሩ ሁሉንም ደንብ ከኮድ ማውጣት ፕሮግራሙን ያወሳስበዋል፤ ድካሙም ወጪውም ብዙ ነው። ፈጽሞ የማይለወጥን ነገር በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ማንንም አይጠቅምም። ስለሆነም መለኪያችን ደንቡ ምን ያህል ጊዜ እንደሚለወጥና የሚለውጠው ማን እንደሆነ ነው።

በግንባታው ምዕራፍ አንድ ደንብ በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፋል፤ የደንቡ ቁጥርም በኮዱ ውስጥ ይጠቀሳል። 600 የሚለው ቁጥር በሃያ ቦታ ተበትኖ ከሆነ አሥራ ዘጠኙን ያረመ ሰው ሥራውን ጨርሷል ማለት አይቻልም። ፍተሻው ደግሞ በወሰኖቹ ላይ ያተኩር፤ በ2,000 እና በ2,001 ብር ላይ የሚገኘው ውጤት ከመካከለኛ ቁጥሮች ይልቅ ስሕተትን ያጋልጣል።

በርክክብ ጊዜ ፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን የደንቦቹ መዝገብም ይሰጣል። ኮድ ማንበብ የማይችለው የሒሳብ ሠራተኛ ይህን መዝገብ አንብቦ «ይህኛው ተሽሯል» ለማለት መቻል አለበት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው አዋጅ መካከል አሥራ አራት ዓመታት ማለፋቸውን እናስታውስ፤ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ሊለቅ ይችላል። መዝገቡ ግን ይቀራል።

ከሁሉም በላይ ሶፍትዌር ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲሸጋገር መዝገቡ እንደገና ከመጀመሪያው መነበብ ይኖርበታል። አሪያን 4ን በሚገባ ያገለገለው ኮድ በአሪያን 5 ላይ ሲጫን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ደንቡ ይጸናበት የነበረው ሁኔታ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ በፊት የጻፋችሁትን አንድ ፕሮግራም አውጥታችሁ በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች አስምሩባቸው። ከዚያም ስለ እያንዳንዱ ቁጥር፦ ከየት መጣ? ማን ሊለውጠው ይችላል? የሚሠራው እስከ ምን ወሰን ድረስ ነው? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በእናንተ ትዝታ ውስጥ ብቻ ያለ ከሆነ ዛሬውኑ ጻፉት።