ስለ ራስ ጉድለት ተጠይቆ መመለስ

ሥራ ለመቀጠር በፈታኞች ፊት የሚቀርብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈርቶት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ትልቁ ጉድለትህ ምንድር ነው?» የሚለው ነው። ስለ ትምህርቱ ቢጠየቅ የምስክር ወረቀቱ ይናገርለታል፤ ስለ ልምዱም ቢጠየቅ የሠራውን ይቈጥራል። ስለ ጉድለቱ ሲጠየቅ ግን እውነቱን ቢናገር እንጀራውን የሚያጣ፣ ቢዋሽ ደግሞ ውሸቱ የሚታወቅበት እየመሰለው በሁለት ሐሳብ ይያዛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው ለምን እንደሚጠየቅ፣ በአገራችን ልማድ መልሱ ስለምን እንደሚከብድ፣ እንዴትስ ቢመለስ እንደሚሻል ባጭሩ ማስረዳት ነው።

ነገሩ በባሕር ዳር ለምንማር ሰዎች ቀላል አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ሲቋቋምና የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱም በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ሥራው ሰውን ይፈልግ ነበር ለማለት ይቻላል። የፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ ግን የምሩቃኑ ቍጥር እጅግ በዝቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደ ጣና ገዳማት የሚመጣው ጐብኚ ስለ ቀነሰ፣ በሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎችና የጀልባ ባለቤቶች እንደ ቀድሞው ሰው አይቀጥሩም። ስለዚህ አንድ የሥራ ቦታ በተገኘ ጊዜ አመልካቹ ብዙ ነው፤ በትምህርት ነጥብና በጽሑፍ ፈተና ተቀራርበው የመጡትን የሚለያቸውም የመጨረሻው የቃል ፈተና ይሆናል።

ይህን ርእስ የመረጥሁት በራሴ ላይ ከደረሰ ነገር ተነሥቼ ነው። ባለፈው ክረምት በሐይቁ ዳር የሚገኝ አንድ ማረፊያ ቤት እንግዳ ተቀባይ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማስታወቂያ አይቼ አመለከትሁ። ሥራውን የፈለግሁት የታናሽ እኅቴን የትምህርት ወጪ ለመርዳት ነበር። ከሦስቱ ፈታኞች አንዷ ጠና ያሉ ወይዘሮ ስለ ጉድለቴ ጠየቁኝ። እኔም ከጓደኞቼ እንደ ሰማሁት «ጉድለቴ አንድ ሥራ ከጀመርሁ ሳልጨርስ ዕረፍት አለማወቄ ነው» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም ብዕራቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ከጥዋት ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ዕረፍት አላውቅም ይለኛል። ይህ ሁሉ የማያርፍ ሰው ታዲያ እስካሁን ሥራ እንዴት አጣ?» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ቦታውም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ቦታውን ያገኘውን ልጅ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አገኘሁትና ምን ብሎ እንደ መለሰ ጠየቅሁት። «የውጭ አገር ሰው በስልክ ሲያናግረኝ ቶሎ አይገባኝም፤ አንድ ቀን የእንግዳ መምጫ ቀን ተሳስቼ ጽፌ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን በወረቀት ጽፌ መልሼ አነብለታለሁ፤ እርሱ ልክ ነው ካላለኝ ስልኩን አልዘጋም አልኋቸው» አለኝ። የኔና የሱ መልስ የሚለያዩበትን ነጥብ ማሰብ የጀመርሁት ከዚህ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የልማዳችንን ነገር እንመልከት። በቀድሞው ጊዜ ሥራ ወይም ሹመት የሚፈልግ ሰው በትልቅ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ ጠኚው ስለ ራሱ ጉድለት እንዲናገር የሚጠይቀው አልነበረም፤ ጠባዩ በደጅ ጥናቱ ዘመን ይታያል፤ የቀረውን ደግሞ ዋሱ ይመልስለታል። ዋስ ማለት የሌላውን ጉድለት በራሱ ላይ የሚወስድ ሰው ነው። ዛሬም ቢሆን ገንዘብ ያዥ ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ዋስ እንዲያመጣ ይጠየቃል። በጋብቻም ቢሆን የልጁን ጠባይ የሚጠይቁትም የሚመልሱትም ሽማግሌዎችና ዘመዶች ናቸው እንጂ ልጁ ራሱ አይደለም። እንግዲህ ሰው ስለ ራሱ ምስክር ሆኖ እንዲቀርብ ማድረግ ለእኛ አዲስ ነገር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ቅጥር በአንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሥር እንዲሆን የታዘዘው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1961 ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የንግግራችን ልማድ ነው። ራስን በግልጥ ማመስገን ነውር ነው፤ ገመናንም በሰው ፊት ማውጣት እንዲሁ ነውር ነው። በሁለቱ መካከል የቀረልን መንገድ ሰምና ወርቅ ሆነ። ዶናልድ ሌቪን የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል ያሳተሙትን መጽሐፍ በዚሁ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። «ጉድለቴ ዕረፍት አለማወቄ ነው» የሚለው መልስ ሰሙ ትሕትና ሲሆን ወርቁ ውዳሴ ነው። ዳሩ ግን ሰምና ወርቅ የሚያስደስተው ወርቁ ተፈልጎ ሲገኝ ነው። ወርቁ ከላይ ተቀምጦ ከታየ ቅኔነቱ ይቀራል፤ ሰሚውም «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» እያለ ይታዘባል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ኦቩል ሰዘር የተባሉ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ስለ ትልቁ ጉድለታቸው በሥራ ፈተና ላይ ቢጠየቁ ምን እንደሚመልሱ ጽፈው እንዲሰጡ አድርገዋል። ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ውዳሴያቸውን በጉድለት ሸፍነው ጻፉ፤ «ሁሉ ነገር ፍጹም እንዲሆን እፈልጋለሁ»፣ «ሥራ አበዛለሁ» የሚሉትን የመሰሉ መልሶች ነበሩ። መልሶቹን ያነበቡት ሰዎች ግን መቅጠር የመረጡት እውነተኛ ጉድለታቸውን የተናገሩትን ነው። እንግዲህ ለጥንቃቄ ብለን የምንይዘው መልስ ራሱ ይጐዳናል ማለት ነው።

ፈታኙ ጥያቄውን ሲጠይቅ የሚፈልገው የኃጢአት ኑዛዜ አይደለም። የሚፈልገው ሦስት ነገር ለማወቅ ይመስለኛል። አንደኛ፣ ሰውየው ራሱን ያውቃል ወይስ አያውቅም? ሁለተኛ፣ ጉድለቱን ካወቀ በኋላ ምን አደረገ? ሦስተኛ፣ ነገ በሥራ ላይ ሲሳሳት ይነግረናል ወይስ ይሸሽገናል? ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ስሕተቱን የሚሸሽግ ሒሳብ ያዥ ስሕተት ከሚያበዛ ሒሳብ ያዥ ይልቅ ያሳስባል።

የጣናን ታንኳ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገልም ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ይህን ጉድለት ከሠሪዎቹ ከወይጦዎች የተሰወረ አይደለም፤ ስለዚህ ባለ ታንኳው ከሐይቅ ሲመለስ ታንኳውን ወደ ዳር አውጥቶ ውኃው እንዲንጠፈጠፍና እንዲደርቅ ያቆመዋል። «ታንኳዬ ውኃ አይጠጣም» የሚል ሰው ቢኖር ከእርሱ ጋር የሚሳፈር አይገኝም። «ይጠጣል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አደርቀዋለሁ» የሚለው ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

እንግዲህ መልካም መልስ አራት ክፍል አለው። አንደኛው የጉድለቱ ስም ነው፤ ጉድለቱ እውነተኛና የተወሰነ መሆን አለበት። «ትዕግሥት ይጐድለኛል» ከማለት «ሰው የተናገረውን ሲደግምብኝ አቋርጠዋለሁ» ማለት ይሻላል። ሁለተኛው ጉድለቱ የታየበት አንድ ጊዜ ነው። ሦስተኛው የተወሰደው መድኃኒት ነው። አራተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው እስካሁን ያልተስተካከለው ነው። ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ የሚል ሰው የተጠየቀውን አልመለሰም፤ የተጠየቀው ዛሬ ስላለው ጉድለት ነውና።

ለምሳሌ ያህል በፋብሪካ ለመቀጠር የቀረበ የመካኒክ ምሩቅ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ብልሽት ሲገጥመኝ ሌላ ሰው ሳልጠይቅ ብቻዬን ለመጠገን እደክማለሁ። በልምምድ ጊዜ በዚህ ምክንያት አንድ ሞተር ግማሽ ቀን አስቁሜ አለቃዬን አስቈጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሰዓት እሞክራለሁ፤ ካልሆነልኝ የሚያውቀውን እጠራለሁ። መጠየቅ አሁንም ያሳፍረኛል፤ ሰዓቱን ግን አላሳልፍም።» መምህርት ለመሆን የምትፈልግም «ድምፄ ለትልቅ ክፍል ያንሳል፤ ስለዚህ ትምህርት ስጀምር በመጨረሻው ወንበር ያለውን ተማሪ ይሰማህ እንደ ሆነ እጠይቀዋለሁ» ብትል የሚያስነውራት ነገር የለም።

ጉድለቱን ሲመርጡ ግን የሥራውን ግንድ የሚቈርጠውን መተው ያስፈልጋል። ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ለመሆን የቀረበ ሰው «ስቈጥር እሳሳታለሁ» ካለ እውነቱን ተናግሯል፤ ነገር ግን ሥራው ለእርሱ እንዳልሆነም አብሮ ተናግሯል። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ችግር የመልስ አይደለም፤ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል። የቃል ፈተናው በእንግሊዝኛ በሚሆንበት ቦታም ብዙዎቻችን መጻሕፍቱን አንብበን ብንረዳም ስንናገር እንደናቀፋለን። ይህን ፈታኙ በጆሮው እየሰማው ሌላ ጉድለት ፈልጎ ከማውጣት፣ «ንግግሬ ከንባቤ ያንሳል፤ ለማሻሻልም ይህን አደርጋለሁ» ማለት ይበልጥ ያስከብራል።

ከዚህ ጋር ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ ሕመም፣ የአካል ጉዳት፣ ሃይማኖት፣ ጋብቻና ልጅ መውለድ የሥራ ጉድለት ተብለው የሚቈጠሩ አለመሆናቸው ነው። አካል ጉዳተኞች በሥራ ስምሪት አድልዎ እንዳይደረግባቸው በአዋጅ ቍጥር 568/2000 ተደንግጓል። በተለይ እኅቶቻችን «የማግባት ሐሳብ አለሽ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ እንደ ጉድለት ቈጥረው ይቅርታ ሊጠይቁበት አይገባም።

ለፈታኞችም አንድ ቃል መጨመር እፈልጋለሁ። ሰውን በጨዋታ መልክ አነጋግሮ መመዘን ደካማ መመዘኛ ነው። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቻቸው ቀደም ብለው የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳዩት፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ዐይነት ጥያቄ ቀርቦ በተወሰነ ነጥብ የሚታረም የቃል ፈተና ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.42 ያህል ሲሆን፣ እንደ መጣ የሚጠየቀው ግን 0.19 ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ ዜሮ ምንም ዝምድና የለም ማለት ሲሆን አንድ ደግሞ ፍጹም ዝምድና ነው። ስለዚህ «ጉድለትህ ምንድር ነው?» ከማለት «ተሳስተህ ያረምኸውን አንድ ሥራ ንገረን» ብሎ ሁሉንም እኩል መጠየቅ ለፈታኙም ለተፈታኙም ይበጃል። ደግሞም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጥ የሙከራ ጊዜ ፈቅዷል። የሰው ጉድለት ከአንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ በእነዚህ ቀኖች ይታያል።

ይህ ማለት ግን ጥያቄው እስኪቀር ድረስ ተዘጋጅተን አንቅረብ ማለት አይደለም። የተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አዳሪዎች በየሳምንቱ ቅዳሜ በሳምንቱ ያጠፋነውን አንድ ነገር በተቈጣጣሪው ፊት እንድንናገር እንታዘዝ ነበር። እኛም ቀላሉን እየመረጥን እንናገር ነበር፤ ከባዱን የሚናገር ልጅ ግን የክፍሉን ቍልፍ የሚሰጠው እርሱ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት እዚህም ላይ ይሠራል።

ይህ ጽሑፍም ጉድለት አለው። የተመሠረተው በራሴና በጥቂት ጓደኞቼ ላይ በደረሰው ላይ ነው፤ የፈታኞችን ሐሳብ በሚገባ ጠይቄ አልጻፍሁም። ወደዚያ ማረፊያ ቤት ተመልሼ ወይዘሮዋን ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ድረስ ሄጄ በእፍረት ተመልሻለሁ። ለሚቀጥለው ጊዜ አብሮኝ የሚሄድ አንድ ጓደኛ ለምኛለሁ። እስከዚያ ድረስ መምህራንና ተማሪዎች ያጐደልሁትን እንዲሞሉልኝ፣ የተሳሳትሁትንም እንዲያርሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።